የኢስት ካፒቶል የትራም ዴፖ፦ ለተጻፈው ታሪክ የተሰጠ ምላሽ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከኮንግረሱ ሕንፃ በስተምሥራቅ፣ በኢስት ካፒቶል ጎዳና ላይ 14ኛውንና 15ኛውን መንገድ ተንተርሶ ስለቆመው የቀድሞ የኤሌክትሪክ ትራም ዴፖ፣ ማለትም የትራሞች ማደሪያ፣ በቅርቡ በአማርኛ የቀረበ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ርእሱን ማንሣታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች እየኖርን ስለ ከተማዋ መጓጓዣ ታሪክ በቋንቋችን የተጻፈው ግን ከእፍኝ አይበልጥም። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ አንባቢው የሚያመሳክርበት ሌላ የአማርኛ ጽሑፍ ስለማያገኝ አስቀድሞ የተጻፈው፣ ስሕተትም ቢሆን፣ እንደ እውነት ጸንቶ ይቀራል። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይኸው ስጋት ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ሕንፃው መጀመሪያ በገመድ ለሚጎተት ትራም ተሠርቶ ኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ተለወጠ። ከዴፖው የሚወጡት ትራሞች በኮንግረሱ ዙሪያ ያለውን ሰማይ በሽቦ ሸፈኑት። ሕንፃው የኩባንያ መጋዘን እንጂ የሥነ ሕንፃ ዋጋ ያለው ነገር አይደለም። ትራሙ ጥቁር አሜሪካውያን እንዳይሳፈሩበት በሕግ የተከለከሉበት ነበር። ዴፖው ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በአንድ ኩባንያ እጅ ቆይቶ በመጨረሻ ጄኔራል ሞተርስ ገዝቶ አጠፋው። የከተማዋ የመጨረሻ ትራምም ወደዚሁ ዴፖ ገብቶ በሩ ተዘጋ። በእኔ እምነት ከእነዚህ ነጥቦች አንዱም በተጻፈበት መልክ ሊቆም አይችልም፤ ሆኖም ከእያንዳንዱ ስሕተት ጀርባ ሊታወቅ የሚገባው እውነተኛ ታሪክ ስላለ በየተራ እመለከታቸዋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በገመዱ ነገር ልጀምር። ጸሐፊው የኢስት ካፒቶሉን ዴፖ ከሌላ ዴፖ ጋር አቀላቅለውታል። በገመድ ለሚጎተት ትራም የተሠራው በደቡብ ምሥራቅ ዋሽንግተን በኤም ስትሪት ላይ ያለው የኔቪ ያርድ ዴፖ ሲሆን፣ እርሱንም በ1891 ያሠራው የዋሽንግተንና ጆርጅታውን የትራም ኩባንያ ነው። የኢስት ካፒቶሉ ግን የዚያ ኩባንያ ተፎካካሪ የነበረው የሜትሮፖሊታን ኩባንያ ንብረት ነው። ሁለቱም በጡብ የተሠሩ፣ ግንብ ግንብ የሚመስሉ፣ ከኮንግረሱ ሕንፃም በእግር ሊደረስባቸው የሚችሉ ስለሆኑ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው መመሳሰላቸው አያስገርምም። ታሪካቸው ግን የተለያየ ነው፤ ልዩነቱም የኩባንያ ስም ልዩነት ብቻ አይደለም።

በዋሽንግተን የፈረስ ትራም መሥራት የጀመረው በ1862፣ በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል ነው። ሜትሮፖሊታን ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1864 በኮንግረሱ ሕግ ተቋቋመ። ወደ 1890 ገደማ ኮንግረሱ ኩባንያዎቹ ፈረሱን ትተው ወደ ሌላ ኃይል እንዲሸጋገሩ መጫን ጀመረ፤ ያን ጊዜ የዋሽንግተንና ጆርጅታውን ኩባንያ በእንፋሎት ሞተር የሚሽከረከር የብረት ገመድ በመንገዱ ሥር ቀብሮ ትራሞቹን በዚያ ማስጎተትን መረጠ። ሜትሮፖሊታን በሌላ መንገድ ሄደ። በመጀመሪያ በባትሪ የሚሄዱ ትራሞችን ሞከረ፤ የዘመኑ ባትሪ ግን ክብደቱ ብዙ፣ ጉልበቱ ጥቂት ስለነበር ሙከራው አልሰመረም። በመጨረሻ በ1894 ኮንግረሱ ከመሬት በታች በሚሄድ ኤሌክትሪክ እንዲሠራ አዘዘው። ኩባንያው በማግስቱ ዓመት ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደውን መስመሩን፣ በ1896 ደግሞ የቀሩትን ለወጠ። የኢስት ካፒቶሉ ዴፖ የተሠራው በዚሁ በ1896 ነው። እንግዲህ ሜትሮፖሊታን ከፈረስ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የተሻገረ ኩባንያ ሲሆን፣ ዴፖውም የዚያ ሽግግር ልጅ ነው፤ በገመድ የሚጎተት ትራም አላደረበትም።

ገመዱን የመረጠው ኩባንያ የደረሰበትንም መጥቀስ ይገባል፤ የሁለቱን ዴፖዎች ልዩነት በደንብ የሚያሳየው ይህ ነውና። በመስከረም 1897 በመሀል ከተማ የነበረው የገመዱ ማንቀሳቀሻ ጣቢያ በእሳት ጋየ። ማንቀሳቀሻው ሲቃጠል ከዚያ በሚንቀሳቀስ ገመድ የሚጎተቱት ትራሞች ቆሙ፤ ኩባንያውም የተቃጠለውን መልሶ በመሥራት ፋንታ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ። የኢስት ካፒቶሉ ዴፖ ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ትራሞቹን ማሰማራት ከጀመረ ዓመት አልፎት ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ሽቦ ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። በኮንግረሱ ዙሪያ ያለው ሰማይ በትራም ሽቦ አልተሸፈነም፤ ሊሸፈንም አይችልም ነበር፤ ሕጉ ከልክሎ ነበርና። በዋሽንግተን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ትራም በጥቅምት 1888 ወደ ኤኪንግተን ሰፈር ሲዘረጋ ኃይሉን ያገኝ የነበረው እውነትም ከላይ ከተወጠረ ሽቦ ነው። ኮንግረሱ ግን ወዲያው በ1889 ባወጣው ሕግ ኩባንያዎቹ ፈረስን በሌላ ኃይል እንዲተኩ ሲፈቅድ ከላይ የሚዘረጋ ሽቦን ለይቶ አገለለ። ዋና ከተማይቱ በእንጨትና በሽቦ እንዳትጠላለፍ የተደረገ ውሳኔ ነበር። ሜትሮፖሊታን ከባትሪ ጋር የታገለውም፣ ከዚያ በኋላ እጅግ ውድ ወደሆነው የምድር ውስጥ አሠራር የገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው ይህን ሕግ ሳያነሡ ስለ ዴፖው መጻፋቸው ከሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ የከበደ ሆኖ ይታየኛል፤ ዴፖው በዚያ ቦታ፣ በዚያ ዓመት፣ በዚያ አኳኋን እንዲሠራ ያደረገው ሕጉ ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል፣ ልክ መሀል ለመሀል፣ ሦስተኛ መስመር ይታያል፤ ይህ ሐዲድ ሳይሆን በሁለት ብረቶች የታቀፈ ጠባብ ስንጥቅ ነው። ከስንጥቁ በታች መንገዱን ተከትሎ የሚሄድ ቦይ ተቆፍሯል፤ በቦዩ ውስጥ በግራና በቀኝ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፉ መያዣዎች ላይ ሁለት የብረት ዘንጎች ተዘርግተዋል፤ አንዱ ኃይሉን ያመጣል፣ ሌላው ይመልሳል። ከትራሙ ሆድ ሥር «ፕላው» የሚባል ጠፍጣፋ መሣሪያ በስንጥቁ ሾልኮ ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ በሁለት ጎኑ ያሉት ብረቶች ትራሙ ሲሄድ ሁለቱን ዘንጎች እየዳሰሱ 600 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ጅረት ወደ ሞተሩ ያደርሳሉ። መንገደኛው ከላይ ቀና ቢል አንድም ሽቦ አያይም፤ ወደ ታች ቢመለከት ደግሞ ከስንጥቁ በቀር የሚያየው የለም።

ከመሀል ከተማው ወሰን ውጭ ከላይ የሚሄድ ሽቦ ስለተፈቀደ ወሰኑን የሚሻገሩ ትራሞች አሠራራቸውን መቀየር ነበረባቸው። በመቀየሪያው ቦታ ከሐዲዱ ሥር ጉድጓድ ተቆፍሮ አንድ ሠራተኛ እዚያ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ትራሙ ከጉድጓዱ በላይ ሲቆም ሠራተኛው ፕላውን ከሆዱ ሥር ይፈታዋል፤ በዚያው ጊዜ ከላይ የትራሙ ዘንግ ተነሥቶ ሽቦውን ይይዛል፤ ትራሙ ይሄዳል። ወደ ከተማ ሲመለስ ሥራው በተገላቢጦሽ ይደገማል። ይህ በየዕለቱ፣ ትራም በመጣ ቁጥር፣ በክረምት ብርድና በበጋ ሐሩር፣ ከመኪና መንገድ በታች ባለ ጉድጓድ ውስጥ የሚከናወን ሥራ ነበር። ስለ ትራም ታሪክ ሲጻፍ ስለ ባለሀብቶቹና ስለ ሕንፃዎቹ እንጂ ስለዚህ ሰው እምብዛም አይጻፍም።

ቦዩም ራሱ እረፍት የማይሰጥ ነገር ነው። ጭቃው፣ የዛፉ ቅጠል፣ የቀለጠው በረዶ ሁሉ በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ብረት ነገር ወድቆ ሁለቱን ዘንጎች ካገናኘ ኃይሉ ይቋረጥና በመስመሩ ላይ ያሉት ትራሞች ይደረደራሉ። ስለዚህ ቦዩን የሚጠርጉ፣ መያዣዎቹን የሚፈትሹ፣ የተበላውን የፕላው ብረት የሚለውጡ ሠራተኞች ሁልጊዜ ያስፈልጉ ነበር። ወጪው ሽቦ ከመወጠር ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ከዋሽንግተን ሌላ ይህን አሠራር በሰፊው የተጠቀሙት ጥቂት ታላላቅ ከተሞች ብቻ ናቸው፤ የኒው ዮርኩ ማንሃታንና እስከ 1952 ድረስ የሠራችበት ለንደን ይጠቀሳሉ።

ነገሩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አንባቢ ወደ ጆርጅታውን ሄዶ በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባሉት ኦ ስትሪትና ፒ ስትሪት ላይ ይራመድ። በድንጋይ ንጣፉ ላይ የድሮው ሐዲድ፣ ስንጥቁም ጭምር፣ ተጠብቆ ይገኛል። ያ ሐዲድ የሜትሮፖሊታን ኩባንያ ነበር፤ ማለትም የዚሁ የኢስት ካፒቶሉ ዴፖ ባለቤት የነበረው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉት ብረቶች ጠርዛቸው በዘመን ብዛት ለስልሶ ይታያል፤ የጎዳናውን ሰማይ ሽቦ ሳይኖርበት ለማቆየት ምን ያህል ብረት ከመሬት በታች መቀበር እንዳስፈለገ እዚያ ቆሞ መገመት ይቻላል።

ጸሐፊው ይህን ስሕተት ከየት እንዳመጡት የምገምተው አለኝ። ከዴፖው በስተሰሜን በኤች ስትሪት ላይ በ2016 ሥራ የጀመረው አዲሱ ትራም ኃይሉን ያገኝ የነበረው ልክ እንደ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ነው። ይህን ያየ ሰው የድሮውም እንዲሁ ነበር ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ አዲስ መስመር ከመሠራቱ በፊት በከተማዋ ስለ ሽቦ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ፣ የከተማዋ ምክር ቤት በ2010 ሽቦው በኤች ስትሪት እንዲፈቀድ ሕግ ማሻሻል አስፈልጎት ነበር። ክልከላው ከወጣ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ መሐንዲሶችን ሲያስጨንቅ የኖረ ሕግ ነው፤ ጽሑፉ ግን ጨርሶ አያነሣውም።

ሕንፃው «ተራ መጋዘን» ነው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ንድፉ የዋዲ በትለር ውድ ነው። ውድ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ሲሆን፣ ኋላ በዋሽንግተን ከታወቁት ነዳፊዎች አንዱ ሆነ፤ በዚያው ዘመን የጆርጅታውኑን የትራም ጣቢያ፣ በ1908 የተጠናቀቀውንና ዛሬ የሴቶች ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኝበትን የሜሶኖች ሕንፃ፣ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የኖሩበትን ቤት፣ በ1930ዎቹም የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርን ግዙፍ ሕንፃ የነደፈው እርሱ ነው። የኢስት ካፒቶሉ ዴፖ ክብ ቅስቶች ያሉት፣ ጡቡ በጡብ ላይ በጥንቃቄ የተደረደረ፣ በጎዳናው ፊት ለፊት እንደ ሕዝብ ሕንፃ የቆመ ሥራ ነው። በ1974 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1980ዎቹም ለመኖሪያ ቤትነት ሲለወጥ የፊት ገጽታው እንዲጠበቅ ተደርጓል። ለትራም ማደሪያ ይህን ያህል መጨነቁ ከንቱ ይመስል ይሆናል፤ ግን ኩባንያው ከኮንግረሱ ሕንፃ ትይዩ ባለ ጎዳና ላይ የሚሠራ፣ ፈቃዱንም ከኮንግረሱ የሚያገኝ ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ እደርሳለሁ። ጽሑፉ ጥቁር አሜሪካውያን በዚህ ኩባንያ ትራም እንዳይሳፈሩ በሕግ ተከልክለው ነበር ይላል። ሕጉ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ደግሞም ሜትሮፖሊታን በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው።

በየካቲት 1864 መጀመሪያ ላይ የሰሜኑ ሠራዊት ሐኪም የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊው ሻለቃ አሌክሳንደር ኦገስታ በወታደራዊ ችሎት ምስክርነት ለመስጠት የዋሽንግተንና ጆርጅታውን ኩባንያ ትራም ላይ ሊሳፈሩ ሞከሩ። የመኰንን ልብስ ለብሰው ነበር። ትኬት ቆራጩ ውስጥ መቀመጥ እንደማይችሉ፣ ከፈለጉ ከፊት ለፊት በውጭ ከነጂው ጋር መቆም እንዳለባቸው ነገራቸው። እምቢ ብለው ለመግባት ሲሞክሩ ከትራሙ አስወረዳቸው፤ በዝናብ በእግራቸው ሄደው ዘግይተው ችሎት ደረሱ። የደረሰባቸውን በደብዳቤ ጻፉ፤ ጉዳዩንም የማሳቹሴትሱ ሴናተር ቻርልስ ሰምነር በሴኔት ፊት አነሡት። በዚያው ዓመት በሐምሌ ሜትሮፖሊታን ሲቋቋም በመቋቋሚያ ሕጉ ውስጥ ማንም ሰው በቀለሙ ምክንያት ከትራም እንዳይከለከል የሚል ድንጋጌ ገባ። በመጋቢት 1865 ኮንግረሱ ይህን የሜትሮፖሊታን ድንጋጌ በከተማዋ ላሉት የትራም ኩባንያዎች ሁሉ አስፋፋው። ማለት፣ በዋሽንግተን ትራም ውስጥ የእኩል መሳፈር መብት ለሁሉም የተዳረሰው በዚሁ የኢስት ካፒቶሉን ዴፖ ኋላ ባሠራው ኩባንያ ሕግ አምሳል ነው። የዴፖውን ታሪክ ከሚጽፍ ሰው ይህን ድንጋጌ መርሳት ብቻ ሳይሆን ገልብጦ ማቅረብ ከባድ ነገር ነው።

ሕግ መውጣቱ በጎዳናው ላይ ሰላም አመጣ ማለቴ አይደለም። በዚያው በ1865 ታዋቂዋ የፀረ ባርነት ታጋይ ሶጆርነር ትሩዝ ትራም ላይ ስትሳፈር ትኬት ቆራጩ ገፍትሮ ትከሻዋን ጎዳት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሕግ ስለነበራት ከሰሰችው፤ ሰውየውም ታስሮ ሥራውን አጣ። የጽሑፉ አንባቢ የማያገኘው ይህን ነው፤ እኒያ ሰዎች ታግለው ሕግ አስወጡ፣ የወጣውንም ሕግ በየትራሙ ደጃፍ አስከበሩ። «ተከልክለው ነበር» ብሎ ማለፍ ለእነርሱ የተቆረቆረ ቢመስልም ድላቸውን ከታሪክ ይፍቃል።

የመለያየት ሕግ የነበረው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ነው። ቨርጂኒያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በትራም ውስጥ ነጭና ጥቁር ተለያይተው እንዲቀመጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚሄድ መንገደኛ ወንዙን ሲሻገር ቦታ እንዲለውጥ ይጠየቅ ነበር። ጸሐፊው የሰሙት የዚህን ወሬ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ የወንዙ ግራና ቀኝ የተለያየ ሕግ እንደነበረው ማወቁ ለእነርሱም ይጠቅማል።

በዲሲ ውስጥ ግን እውነተኛው በደል በተሳፋሪው ወንበር ላይ ሳይሆን በነጂው ወንበር ላይ ነበር። ትራሞቹን በኋላ የያዘው የካፒታል ትራንዚት ኩባንያ ጥቁር አሜሪካውያንን ለሐዲድ ጥገናና ለጽዳት ይቀጥር እንጂ ነጂና ትኬት ቆራጭ አድርጎ አይቀጥርም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነጂ ጠፍቶ ትራሞች በተጓዥ ሲጨናነቁ እንኳ ይህን አላሻሻለም። በሥራ ቅጥር አድልዎን እንዲከታተል የተቋቋመው የፌዴራል ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ። በኅዳር 1945 በአድማ ምክንያት ፕሬዚዳንት ትሩማን ኩባንያውን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሲያደርጉት ኮሚቴው አድልዎውን የሚያስቆም ትእዛዝ ለማውጣት ተዘጋጀ፤ ትሩማን ግን አልፈቀዱም። የኮሚቴው አባል የነበሩት ዝነኛው የሕግ ሰው ቻርልስ ሃሚልተን ሂዩስተን በዚህ ምክንያት በታኅሣሥ ወር ሥራቸውን ለቀቁ። ጥቁር ነጂዎች መቀጠር የጀመሩት በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚህች ከተማ አውቶቡስና ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ዛሬ ስንት ነው? ያ መሪ ለጥቁር ሰው እጅ እንዲደርስ ማን ምን እንደከፈለ ማወቅ ይገባዋል፤ ጽሑፉ ይህን ሊነግረው ሲችል የሌለ ክልከላ ነገረው።

ስለ ባለቤትነት ወደሚለው ልለፍ። ዴፖው በአንድ ኩባንያ እጅ አልቆየም። ሜትሮፖሊታን ከከተማዋ ብዙ ትናንሽ ኩባንያዎች ጋር በ1902 በዋሽንግተን ሬይልዌይና ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሥር ገባ። ይህ ኩባንያና ተቀናቃኙ ካፒታል ትራክሽን በታኅሣሥ 1933 ተዋሕደው ካፒታል ትራንዚት ተባሉ። በ1949 የፍሎሪዳው ባለሀብት ሉዊስ ዎልፍሰን ኩባንያውን በእጁ አስገባ። ዎልፍሰን ኩባንያው ያጠራቀመውን ገንዘብ ለባለአክሲዮኖች በትርፍ ድርሻ መልክ አከፋፈለ፤ ታሪፉም ወደ ላይ ይወጣ ነበር። በ1955 ከሐምሌ ጀምሮ ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው ለሰባት ሳምንታት ያህል ሥራ ሲያቆሙ የኮንግረሱ ትዕግሥት አለቀና የኩባንያውን የሥራ ፈቃድ የሚሰርዝ ሕግ ወጣ። በ1956 ኦ. ሮይ ቾክ የተባለ የኒው ዮርክ ባለሀብት ገዝቶ ዲሲ ትራንዚት አለው።

ጄኔራል ሞተርስ በዚህ ተርታ ውስጥ የለም። ስሙ ከትራም መጥፋት ጋር የሚነሣበት እውነተኛ ምክንያት እንዳለ አልክድም፤ ጄኔራል ሞተርስና ሌሎች ኩባንያዎች የደገፉት ናሽናል ሲቲ ላይንስ የተባለ ድርጅት በብዙ ከተሞች የትራም ኩባንያዎችን ገዝቷል፤ በ1949ም የአውቶቡስና የዕቃ ሽያጭን ለብቻቸው ለመያዝ በማሤር በፍርድ ቤት ጥፋተኞች ተብለዋል። ዋሽንግተን ግን ከእነዚያ ከተሞች አንዷ አይደለችም። እዚህ ትራሙን ያስቆመው ውሳኔ በግልጽ የተሰጠ፣ በሕግ የተጻፈ ነው፤ ለቾክ አዲሱ ፈቃድ ሲሰጠው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትራሞቹን ሁሉ በአውቶቡስ እንዲተካ ግዴታ ተጣለበት። ቾክ ራሱ ኋላ ትራሙን በከፊል ለማቆየት ፈልጎ ነበር፤ በ1957 የአየር ማቀዝቀዣ ያለው የጎብኚዎች ትራም እስከማሰማራት ደርሷል። ፈቃዱ ግን አልተለወጠም። ለትራሙ መቆም የቦዩ ጥገና ወጪ፣ የመኪናው መብዛት፣ መንገዱን ለመኪና የማስፋት ፍላጎት፣ በዎልፍሰን ዘመን የተራቆተው የኩባንያው ካዝና ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። ይህን ሁሉ በአንድ የመኪና ፋብሪካ ተንኮል ጠቅልሎ ማቅረብ ውሳኔውን ያሳለፉትን ሰዎች ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣቸዋል። በተለይ የዲሲ ነዋሪ ያን ጊዜ የራሱን ከንቲባም ሆነ ምክር ቤት የማይመርጥ ስለነበር፣ የከተማው መጓጓዣ እጣ በሌሎች ክፍለ ሀገራት በተመረጡ ሰዎች እጅ መወሰኑ ትልቅ የታሪክ ነገር ነው፤ ጽሑፉ ግን ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይነካውም።

የቀረው የመጨረሻው ትራም ነው። በጥር 28 ቀን 1962 ለእሑድ አጥቢያ የከተማዋ ትራሞች ሥራቸውን ሲጨርሱ የመጨረሻው ትራም የገባው ወደ ኔቪ ያርድ ዴፖ ነው፤ ጸሐፊው በገመዱ ጉዳይም ከኢስት ካፒቶል ጋር ያቀላቀሉት ያው ዴፖ ነው። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ከቀሩት መስመሮች መካከል በ14ኛው መንገድና በዩ ስትሪት ላይ የሚሄዱት ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያን ኋላ ምግብ ቤቶቻቸውን የከፈቱባቸው፣ ብዙዎቻችን በየሳምንቱ የምንመላለስባቸው ጎዳናዎች ማለት ነው። የኔቪ ያርዱ ዴፖ ከዚያ በኋላ የአውቶቡስ ጋራዥ ሆነ። ጥሩ ይዞታ ላይ ከነበሩት ትራሞች አንዳንዶቹ ባሕር ተሻግረው በሳራዬቮና በባርሴሎና ሰው ማመላለሳቸውን ቀጠሉ፤ ሌሎች ወደ ቴክሳሷ ፎርት ወርዝ ሄዱ። ጽሑፉ እንደገና የሚታተም ከሆነ ጸሐፊው ቢያንስ የዴፖውን ስምና የ1864ቱን ድንጋጌ እንዲያርሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።